ክብደትና እሳት፦ ለልዩ ኃይሎች የተሠራው ቀላል መትረየስ አመጣጥ

የቀላል መትረየስ ታሪክ ከሁሉ በፊት የክብደት ታሪክ ነው። መትረየስ ማለት ምላጩ ተስቦ እስከተያዘ ድረስ ሳያቋርጥ ጥይት የሚተፋ መሣሪያ ሲሆን፣ ቀላል የሚባለውም አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመውና ሊተኩስበት ሲችል ነው። ባለፉት መቶ ሃያ ዓመታት የመሣሪያ ነዳፊዎች ይህን ብረት ለማቅለል ብዙ ዘዴ ሞክረዋል፤ ይሁን እንጂ ከመሣሪያው ላይ የተነሣው ክብደት እንዲሁ ጠፍቶ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ቶሎ በሚግል ቱቦ፣ ሌላ ጊዜ ትከሻን በሚደቃ ግፊት፣ ሌላ ጊዜም በተኳሹ ላይ በሚወድቅ የጽዳትና የጥገና ሥራ ተመንዝሮ ይመለሳል። ይህ ሂሳብ ጎልቶ የሚታየው በልዩ ኃይሎች ዘንድ ነው፤ ልዩ ኃይል በጥቂት ቁጥር ከጠላት መስመር ጀርባ ገብቶ የሚዋጋ፣ መድፍ የሚያግዘው ወይም ጥይት የሚያቀብለው ወገን በቅርቡ የሌለ ክፍል በመሆኑ፣ አለኝ የሚለው ሀብት ሁሉ በገዛ ጀርባው ያዘለው ብቻ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአማርኛ ቋንቋ የዚህን ታሪክ ሁለት ምዕራፎች በቃላት ጠብቆ ይዟል። «መትረየስ» የሚለው ስም ከፈረንሳይኛው «ሚትራዬዝ» የመጣ ሲሆን፣ ፈረንሳዮች በ1860ዎቹ በዚህ ስም የጠሩት ብዙ ቱቦዎች በአንድነት ታስረውበት እንደ መድፍ በጋሪ የሚጎተተውን መሣሪያ ነበር። ዛሬ በሕዝብ አነጋገር ለቀላል መትረየስ መጠሪያ የሆነው «ብሬን» ደግሞ የእንግሊዝ ጦር በ1935 የመረጠው መሣሪያ ስም ነው፤ መሣሪያው በቼኮዝሎቫኪያዋ ብርኖ ከተማ ከተነደፈ ቀላል መትረየስ ተወስዶ በእንግሊዝ አገር በኤንፊልድ ፋብሪካ ስለተመረተ፣ የሁለቱ ቦታዎች ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተጋጥመው ስሙን ሰጥተውታል። አንደኛው ቃል በፈረስ የሚጎተተውን ከባድ ብረት፣ ሁለተኛው ቃል አንድ ሰው በትከሻው የሚያነግተውን መሣሪያ ያስታውሳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የሰባ ዓመት ጉዞ መሣሪያው ከጋሪ ወርዶ ወደ ሰው ገላ የተጠጋበት ዘመን ነው።

ይህ ጉዞ አስቸጋሪ የሆነበት ዋና ምክንያት ሙቀት ነው። ትውልደ አሜሪካዊው ሂራም ማክሲም በ1880ዎቹ አጋማሽ በለንደን የሠራው መትረየስ በራሱ ኃይል የሚሠራ የመጀመሪያው መትረየስ ነበር፤ ጥይቱ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ተከታዩን ጥይት ያጎርሳል፤ በዚህም የተነሣ መሣሪያው በደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ጥይት መተኮስ ቻለ። ነገር ግን ባሩዱ ሲቃጠል ከሚወጣው ሙቀት ከፊሉ በቱቦው ብረት ውስጥ ስለሚቀር፣ ጥቂት መቶ ጥይቶች በተከታታይ ሲተኮሱ ቱቦው ይግላል፤ ግለቱ ከበዛም ጥይቱ በጎረሰበት ምላጩ ሳይሳብ በራሱ ይፈነዳል። ማክሲም ቱቦውን ውሃ በተሞላ እጅጌ በመሸፈን መፍትሔ አበጀለት፤ ውሃው፣ እጅጌውና ማቆሚያው ሲደመሩ ግን መሣሪያውን ከቦታ ቦታ ለማንቀሳቀስ የብዙ ሰዎች ጉልበት ጠየቀ። ውሃውን ለማስቀረት የፈለገ ነዳፊ ቱቦውን ማወፈር፣ ወይም የጋለውን ቱቦ በፍጥነት በሌላ የሚለውጥበትን መንገድ ማዘጋጀት፣ አለዚያም ተኳሹ በአጭር በአጭሩ እንዲተኩስ ማስተማር ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የተሠራው አብዛኛው ቀላል መትረየስ ከእነዚህ ሦስት መንገዶች አንዱን ወይም ሁለቱን የመረጠ ነው።

በዚህ ረገድ ቀዳሚዋ ዴንማርክ ስትሆን፣ ጦሯ በ1902 የተቀበለው ማድሰን የተባለው መሣሪያ ዘጠኝ ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካዊው ኮሎኔል አይዛክ ሉዊስ የነደፈው ሉዊስ መትረየስ ወደ 13 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ይዞ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ተስፋፋ፤ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የአሜሪካ አውቶማቲክ ጠመንጃ ደግሞ በ1918 ወደ ጦር ሜዳ ሲገባ ከ7 ኪሎ ትንሽ በልጦ ነበር። ብራውኒንግ ክብደቱን የቀነሰው ግን ካዝናውን በ20 ጥይት በመወሰንና የማይለወጥ ቱቦ በመግጠም ስለነበረ፣ መሣሪያው ለረጅም ተኩስ የሚሆን አልነበረም። አሥር ኪሎ የሚመዝነው ብሬን ባለ 30 ጥይት ካዝናና በቅጽበት የሚለወጥ ቱቦ ይዞ የተሻለ ሚዛን ጠበቀ። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ለመደበኛው እግረኛ ነው፤ እግረኛው ጥይት የሚሸከሙለት ረዳቶች፣ የጋማ ከብትና የጭነት መኪና፣ ግራና ቀኙን የሚጠብቁለት ጎረቤት ክፍሎች ነበሩት።

ይህ ሁሉ የሌለው ወታደር የተለየ መሣሪያ እንደሚያስፈልገው በደም የተረጋገጠው በሜዲትራኒያኗ የቀርጤስ ደሴት ነው። በሜይ 1941 በደሴቲቱ ላይ የዘለሉት የጀርመን አየር ወለድ ወታደሮች ፓራሹታቸው በጀርባቸው በኩል የታሰረ ስለነበረ፣ ከአውሮፕላኑ በግንባራቸው ተወርውረው ይወጡና በእጃቸውና በጉልበታቸው ያርፉ ነበር፤ በዚህ ሁኔታ ረጅም መሣሪያ ይዞ መዝለል ለራሱ ለዘላዩ አደጋ በመሆኑ፣ አብዛኞቹ የያዙት ሽጉጥና የእጅ ቦምብ ብቻ ሲሆን ጠመንጃውና መትረየሱ በሳጥን ታሽጎ በሌላ ፓራሹት ይወርድ ነበር። የብሪታንያ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒው ዚላንድና የግሪክ ተከላካዮች እየጠበቋቸው ስለነበር፣ ብዙዎቹ ወታደሮች ሳጥናቸው ዘንድ ሳይደርሱ ሜዳው ላይ ወደቁ። ደሴቲቱ በመጨረሻ ብትያዝም የሞተው ሰው ብዛት የጀርመንን መሪዎች ስላስደነገጠ፣ ጀርመን ከዚያ በኋላ ያን ያህል ሰፊ የአየር ወለድ ዘመቻ አላካሄደችም።

የጀርመን አየር ኃይል ከዚህ በኋላ የጠየቀው አንድ ወታደር ይዞት የሚዘልለው፣ እንደ ጠመንጃ የሚያነጣጥርበት፣ ሲያስፈልግም እንደ መትረየስ የሚያርከፈክፍበት ነጠላ መሣሪያ ነበር። በራይንሜታል ፋብሪካ ሉዊ ሽታንገ የነደፈው ኤፍ ጂ 42 ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተወለደ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓይነት 4.2 ኪሎ ብቻ እየመዘነ የመደበኛውን ጠመንጃና የከባዱን መትረየስ ባለ 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት ይተኩስ ነበር። ካዝናው ከጎን የሚገባ ሲሆን፣ ሰደፉም ግፊቱ አፈሙዙን ወደ ላይ እንዳያነሣ ከቱቦው ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ተቀመጠ። በነጠላ ተኩስ ጊዜ መዝጊያው፣ ማለትም ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ ተዘግቶ ይጠብቃል፤ በተከታታይ ተኩስ ጊዜ ግን ወደ ኋላ ተከፍቶ ስለሚቆም አየር በቱቦው ውስጥ ያልፋል፤ በዚህ ብልሃት ትክክለኝነትና ማቀዝቀዣ በአንድ መሣሪያ ተዋሐዱ። በሴፕቴምበር 1943 ሙሶሊኒን ታስሮ ከነበረበት ከግራን ሳሶ ተራራ ያወጡት የአየር ወለድ ወታደሮች ይህን መሣሪያ ይዘው ነበር። ሆኖም አራት ኪሎ በሆነ ብረት ላይ ሙሉ ኃይል ያለው ጥይት የሚያስከትለው ግፊት ተኳሹን ስለሚያንገላታው፣ ሁለተኛው ዓይነት ረዘም ብሎና ወደ 5 ኪሎ ገደማ ከብዶ እንደገና ተሠራ። ነዳፊዎቹ ቀንሰውት የነበረውን ክብደት በገዛ እጃቸው መመለሳቸው በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው።

በዚያው ዘመን በሌላው የጦርነቱ ወገን ተመሳሳይ መልስ ተገኝቶ ነበር። የቦስተኑ የሕግ ባለሙያና የአሜሪካ ማሪን፣ ማለትም የባሕር እግረኛ ጦር፣ ተጠባባቂ መኮንን ሜልቪን ጆንሰን የነደፈው የ1941 ቀላል መትረየስ 5.9 ኪሎ የሚመዝን፣ ከጎን የሚገባ ባለ 20 ጥይት ካዝና ያለው፣ ቀጥ ያለ ሰደፍ የተገጠመለት፣ እንደ ኤፍ ጂ 42 በነጠላ ተኩስ ከተዘጋ፣ በተከታታይ ተኩስ ከተከፈተ መዝጊያ የሚተኩስ ነበር፤ ቱቦው በቀላሉ ስለሚወልቅም ለፓራሹት ዝላይ በሁለት ተከፍሎ ይታሰር ነበር። ጠላት የሆኑ ሁለት አገሮች ሳይመካከሩ ይህን ያህል የተቀራረበ መሣሪያ መሥራታቸው ቅርፁን የወሰነው የነዳፊው ምርጫ ሳይሆን ችግሩ ራሱ መሆኑን ያሳያል። የአሜሪካ ምድር ጦር የጆንሰንን መሣሪያ በሰፊው ባይቀበለውም፣ የማሪን ወራሪና የአየር ወለድ ክፍሎች፣ እንዲሁም በ1942 በሞንታና ግዛት በሄለና ከተማ አጠገብ ከአሜሪካና ከካናዳ ወታደሮች የተቋቋመው አንደኛ ልዩ አገልግሎት ኃይል ወደዱት። «የሰይጣን ብርጌድ» የሚል ቅጽል የወጣለት ይህ ኃይል በዲሴምበር 1943 በደቡብ ኢጣሊያ የሞንቴ ላ ዲፌንሳን ገደል በሌሊት በገመድ ወጥቶ ጫፉ ላይ የነበሩትን ጀርመኖች ባልጠበቁት በኩል ሲገጥም፣ እንደዚህ ባለ አቀበት ላይ የእያንዳንዱ ኪሎ ዋጋ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው የሚያስፈልግ ሰው በመካከሉ አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱም መሣሪያዎች ዘር ተዉ። የእስራኤል መንግሥት ከመቋቋሙ በፊት በፍልስጤም ምድር የነበረው ሃጋና የተባለው የአይሁድ ታጣቂ ድርጅት «ድሮር» ያለውን ቀላል መትረየስ የሠራው ከጆንሰን ንድፍ ነው። አሜሪካኖችም የኤፍ ጂ 42ን ውስጣዊ አሠራር ከጀርመኑ ኤም ጂ 42 መትረየስ የዝናር መመገቢያ ጋር አጣምረው ኤም 60 የተባለውን መትረየስ ወለዱ፤ ዝናር የሚባለው ጥይቶችን በትናንሽ ማያያዣዎች የሚያቆራኝ ሰንሰለት ነው። ኤም 60 በ1957 ለአገልግሎት ሲመረጥ ክብደቱ 10.5 ኪሎ ነበር። ለትንሽ ክፍል ተብሎ የተወለደ ዘዴ ለሁሉም በሚሆን መሣሪያ ውስጥ ሲገባ ቅለቱን አጣ፤ ስለዚህም ልዩ ኃይሎች ጥያቄያቸውን ከመጀመሪያው እንዲያነሡ ግድ ሆነ።

አዲሱን መልስ ያመጣው ዩጂን ስቶነር ነው። ስቶነር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በማሪን አቪዬሽን የመሣሪያ ክፍል ያገለገለ፣ ኋላም ኤም 16 የተባለውን የአሜሪካ ጠመንጃ ያስገኘውን ንድፍ የሠራ ሰው ሲሆን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካዲላክ ጌጅ ወደተባለ ኩባንያ ተዛውሮ በካሊፎርኒያ ኮስታ ሜሳ ከሮበርት ፍሪሞንትና ከጄምስ ሰሊቫን ጋር አዲስ ሥራ ጀመረ። ሐሳባቸው አንድ የመሣሪያ አካል ተገልብጦና ክፍሎቹ ተለዋውጠው ጠመንጃ፣ አጭር ጠመንጃ፣ ባለ ካዝና መትረየስ ወይም ባለ ዝናር መትረየስ እንዲሆን ማድረግ ነበር፤ ለመጀመሪያው ናሙና የሰጡት ኤም 69 ደብልዩ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቢገለበጥም ያው ሆኖ የሚነበበው ይህን ሐሳብ ለማመልከት ነው። በ1963 የወጣው ስቶነር 63 የተሠራው ለባለ 5.56 ሚሊ ሜትር ትንሽ ጥይት ነበር። የዚህ ጥይት አንዱ 12 ግራም ያህል ሲመዝን ኤም 60 የሚተኩሰው ባለ 7.62 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 24 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ሁለት መቶ ጥይት የሚሸከም ሰው በዚያው ክብደት አራት መቶ ሊይዝ ይችላል፤ ትንሹ ጥይት የሚፈጥረው ግፊትም ያነሰ ስለሆነ መሣሪያውን ያለ ብዙ ጉዳት ማቅለል ተቻለ። ባለ ዝናሩ ስቶነር የሚመዝነው 5.3 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም የኤም 60ን ግማሽ ነበር።

መሣሪያው በ1967 በሁለት ዓይነት ወታደሮች እጅ በቬትናም ተፈተነ፤ ውጤቱም እጅግ የተለያየ ሆነ። አንድ የማሪን ሻምበል በሙሉ በስቶነር ታጥቆ ሲዋጋ፣ አሸዋና ጭቃ መሣሪያውን ደጋግመው አስቆሙት፤ ክፍሎቹ ጠባብ ልክ የነበራቸውና ብዛታቸው የሚያደናግር ስለሆነ በየሻምበሉ ላሉ ወጣት ምልምሎች የሚሰጥ አልሆነም፤ ማሪኖቹም ኤም 16ን ያዙ። በ1962 የተቋቋሙት የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች፣ ማለትም ኔቪ ሲሎች፣ ግን ባለ ዝናሩን ስቶነር ወስደው ማርክ 23 በሚል መጠሪያ ከአሥር ዓመት በላይ ይዘውት ቆዩ። እነዚህ ሰዎች በሜኮንግ ወንዝ ሜዳና በሩንግ ሳት ረግረጋማ ደን ውስጥ ስድስት ወይም ሰባት ሆነው በሌሊት በጀልባ ገብተው፣ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ተቀምጠው የሚያደፍጡ ነበሩ። ከጠላት ጋር ድንገት ሲገጥሙ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚተፉት እሳት የብዙ ሰው መስሎ ካልታየ በቀር ወደ ጀልባቸው የሚመለሱበት ዕድል ጠባብ ነበር፤ በጓዱ ውስጥ ሁለት ስቶነር መኖሩ ይህን ዕድል አሰፋው።

ያው መሣሪያ በአንዱ እጅ የወደቀው በሌላው እጅ የጸናው ኔቪ ሲሎች የተሻለ ብረት ስለደረሳቸው አይደለም። ከዘመቻ በተመለሱ ቁጥር መሣሪያቸውን ክፍል በክፍል ፈተው ያጸዱት፣ ያረጀውን ይለውጡት፣ ሰንሰለቱን አንድ በአንድ ይመረምሩት ነበር፤ ቁጥራቸው ጥቂት፣ ሥልጠናቸው ረጅም፣ ዘመቻቸውም በሰዓታት የሚለካ ስለነበረ ለዚህ ጊዜ ነበራቸው። ከኤም 60 ላይ የተነሣው አምስት ኪሎ ወደ ተኳሹ ትጋት ተዛውሯል ማለት ነው፤ ይህንን ትጋት ሊከፍል የሚችል ክፍል መሣሪያውን ወደደው፣ ሊከፍል የማይችለው ተወው። የስቶነር ምርት ከጥቂት ሺህ ሳያልፍ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስላበቃ መለዋወጫው እየተመናመነ ሄደ፤ ኮማንዶዎቹ ግን እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አልለቀቁትም።

ስቶነር ከእጅ ሲወጣ ኮማንዶዎቹን ያጋጠማቸው አማራጭ የኤም 60 የቀለለው ዓይነት፣ ኤም 60 ኢ 3 ነበር። ይህ መሣሪያ ክብደቱን የቀነሰው በዋናነት ቱቦውን በማቅጠን ስለነበረ፣ የማክሲም ዘመን ጠላት የሆነው ሙቀት ዕዳውን ሊያስከፍል ተመለሰ፤ ቀጭኑ ቱቦ በተከታታይ ተኩስ ፈጥኖ ይግልና ይበላሽ ጀመር። ቀጥሎ የመጣው ማርክ 43 ይህንን ጉድለት ለማረም ቱቦውን እንደገና አወፈረው፤ በኤፍ ጂ 42 ላይ እንደታየው ሁሉ የተወሰደው ክብደት ከፊሉ ተመለሰ።

የመጨረሻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣው የንድፍ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ውሳኔ ነው። በ1980 በኢራን ታግተው የነበሩትን አሜሪካውያን ለማስፈታት የተደረገው ዘመቻ በበረሃ ውስጥ ከከሸፈ በኋላ በተደረገው ማሻሻያ፣ በ1987 የአሜሪካ የልዩ ዘመቻዎች ዕዝ ተቋቋመ፤ የራሱ በጀትና መሣሪያ የመግዛት ሥልጣንም ተሰጠው። ከዚያ በፊት ልዩ ኃይሎች ከትልቁ ጦር ማዕድ የተረፈውን ይለምኑ፣ ወይም ጥቂት ናሙና በራሳቸው መንገድ ያፈላልጉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚፈልጉትን ጽፈው ለፋብሪካ ማቅረብ ቻሉ። ፋብሪካው በቤልጅየም ኤርስታል ከተማ የሚገኘው ኤፍ ኤን ሆነ፤ መሠረቱም ኤርነስት ቬርቪዬ በ1970ዎቹ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦር በ1982 ኤም 249 በሚል ስም የተቀበለው ሚኒሚ ነበር። «ሚኒሚ» የሚለው ስም «ትንሽ ሚትራዬዝ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ሐረግ የተቆረጠ ነው፤ አንድ ጊዜ በጋሪ ይጎተት የነበረው የአማርኛው «መትረየስ» ስም ምንጭ በዚህ ትንሽ መሣሪያ ላይ ዳግመኛ ታየ።

ልዩ ኃይሎቹ ለሚኒሚ ያደረጉት ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነው። ከሚኒሚ ባወጡት በማርክ 46 ላይ ዝናር ሲያልቅ የጠመንጃ ካዝና እንዲገባ የተሠራውን ተጨማሪ ቀዳዳና በመኪና ላይ የሚታሰርበትን ክፍል አወጡ፤ በማይጠቀሙበት ነገር የሚከብድ መሣሪያ አይፈልጉምና። የ5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት በረጅም ርቀትና በግድግዳ ላይ የሚያጥርበት ጊዜ እንዳለ ባዩ ጊዜም ያንኑ ንድፍ አስፍተው በ7.62 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚሠራ ማርክ 48ን በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሠሩ። ማርክ 48 የሚመዝነው ከ8 ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ያንኑ ጥይት የሚተኩሰው የመደበኛው ጦር ኤም 240 ቢ 12.5 ኪሎ ነው። ይህ የአራት ኪሎ ልዩነት በአፍጋኒስታን ተራሮች ላይ ለሚወጣ ሰው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ በምላሹ ግን የማርክ 48 አካል ከኤም 240 ይልቅ ቶሎ ያረጃል፣ ግፊቱም ያይላል። ልዩ ኃይል ይህን ልውውጥ አውቆ ይገባበታል፤ መሣሪያውን ቶሎ መተካት የሚችል፣ ተኳሹንም በብርቱ ያሠለጠነ ነውና።

የዚህ ሁሉ ጉዞ መጨረሻ በቁጥር ሲታይ የሚያስገርም ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር በ2022 ለወደፊቱ የመረጠው ኤክስ ኤም 250 የተባለው ቀላል መትረየስ ድምፅ ማፈኛው ሳይጨመር የሚመዝነው 5.9 ኪሎ ያህል ነው፤ ይህም ከሜልቪን ጆንሰን የ1941 መሣሪያ ክብደት ጋር እኩል ነው። በሰማንያ ዓመት ውስጥ ብረቱ ተሻሽሏል፣ ፕላስቲክና አሉሚኒየም ገብቷል፣ ባለ 20 ጥይቱን ካዝና ዝናር ተክቶታል፤ ሚዛኑ ግን ወደ ስድስት ኪሎ አካባቢ ተመልሶ ቆሟል። ከዚህ እጅግ ያነሰ መሣሪያ ሙቀቱንና ግፊቱን አይችልም፣ ከዚህ እጅግ የበለጠውንም ሰው ተሸክሞ ሮጦ ሊተኩስበት አይችልም። የመትረየሱን መጠን ያበጀው በዋናነት ነዳፊው ወይም ጄኔራሉ እንዳልሆነ ይህ ቁጥር ይመሰክራል፤ መጠኑን የወሰነው በቀርጤስ ሜዳ ወደ ሳጥኑ የሮጠው፣ በሞንቴ ላ ዲፌንሳ ገደል ላይ በገመድ የተንጠለጠለው፣ በሜኮንግ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ሌሊቱን ያነጋው ሰው ትከሻ ነው።